ያረጀ ሜካኒካል ሰዓትን ፈትቶ፣ አጽድቶና ዘይት ቀብቶ መግጠም፦ ለጀማሪ ጠጋኝ

ለዓመታት መሳቢያ ውስጥ የከረመና የቆመ ሜካኒካል ሰዓት በአብዛኛው የተሰበረ ሳይሆን ዘይቱ የደረቀበት ሰዓት ነው። በዘንጎቹ ጫፍ ላይ የነበረው ጠብታ ዘይት በጊዜ ብዛት ወደ ሙጫነት ይለወጣል፤ ብናኝ ሲገባበት ደግሞ ብረትን ቀስ በቀስ የሚሞርድ ጭቃ ይሆናል። ስለዚህ የሰዓት ጥገናን በትርፍ ጊዜው ለመማር የተነሣ ሰው መጀመሪያ ሊካንበት የሚገባው የተሰበረ ዕቃ መተካት ሳይሆን፣ ያልተሰበረውን ሳይሰብሩ መፍታት፣ ማጽዳት፣ ዘይት መቀባትና መልሶ መግጠም ነው። ይህ ጽሑፍ የሚያተኩረው በዚሁ ሥራ ላይ ስለሆነ በባትሪ የሚሠሩ ሰዓቶችን አይመለከትም።

ጉልበቱ የሚጓዝበት መንገድ

መፍቻ ከማንሣት በፊት ጉልበት በሰዓቱ ውስጥ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚደርስ ጠንቅቆ ማወቅ ያስፈልጋል። መሙያው ቁልፍ ሲዞር፣ ከበሮ በሚባለው ክብ ማቀፊያ ውስጥ የተቀመጠው ዋናው ሞላ ይጠመዘዛል። ሞላው ለመላላት ሲታገል ከበሮውን ያዞራል፤ ከበሮው በሰዓት አንድ ጊዜ የሚዞረውን የመሐል ጎማ፣ የመሐሉ ጎማ ሦስተኛውን፣ ሦስተኛው በደቂቃ አንድ ጊዜ የሚዞረውን አራተኛውን፣ አራተኛው ደግሞ ኢስኬፕ የሚባለውን ጎማ ይገፋል። ይህን ጉልበት የሚገታው ባይኖር ኖሮ ጎማዎቹ ተንደርድረው ሞላው ወዲያው በላላ ነበር። የሚገታው ሁለት የሩቢ ድንጋዮች የተተከሉበት ትንሽ ሹካ ሲሆን፣ ሹካውን ወዲያና ወዲህ የሚመታው ደግሞ ባላንስ የሚባለው ተወዛዋዥ ጎማ ነው። ባላንሱን በየውዝዋዜው መጨረሻ ወደ መሐል የሚመልሰው ከፀጉር የማይወፍር ጥምዝ ሞላ ነው። ክርስቲያን ሁይገንስ እ.ኤ.አ. በ1675 ይህን ቀጭን ሞላ ካስተዋወቀ በኋላ የኪስ ሰዓት በቀን ውስጥ የሚያዛንፈው ጊዜ በደቂቃዎች ብቻ የሚቆጠር ሆኗል።

ብዙዎቹ ያረጁ ሰዓቶች በሰዓት 18,000 ጊዜ፣ ማለትም በሰከንድ 5 ጊዜ ይመታሉ፤ ከእነሱ በኋላ የተስፋፉት ደግሞ 21,600 ወይም 28,800 ጊዜ ይመታሉ። ይህን ሰንሰለት የሚያውቅ ሰው የቆመ ሰዓት ሲያጋጥመው ጉልበቱ የት ላይ እንደተቋረጠ ደረጃ በደረጃ ይፈልጋል፤ የማያውቅ ሰው ግን በግምት ከመነካካት በቀር ሌላ መንገድ የለውም።

የመጀመሪያው ሰዓት

ከአያት የተወረሰ ወይም በቤተሰብ ዘንድ የሚወደድ ሰዓት መማሪያ አይሁን። እጅ እስኪለምድ ድረስ ብሎን መፈናጠሩና የዘንግ ጫፍ መጉበጡ አይቀርምና፣ ለልምምድ የሚመረጠው ማሽን ትልቅ፣ መለዋወጫው በቀላሉ የሚገኝና ቢበላሽ ልብ የማይሰብር መሆን አለበት። ለዚህ በጣም የሚመቸው ዩኒታስ 6497 እና ወንድሙ 6498 ነው። ይህ በእጅ የሚሞላ ማሽን መጀመሪያ ለኪስ ሰዓት የተዘጋጀ ሲሆን፣ የክቡ ስፋት 36.6 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቱ 4.5 ሚሊ ሜትር ነው፤ 17 ድንጋዮችም አሉት። ኋላ የስዊዘርላንዱ ማሽን አምራች ኢቲኤ ያመረተው ሲሆን፣ የቻይናው ሲገል ኤስቲ36 በሚል ስም የሚያወጣው ቅጅም ለጀማሪ በቂ ነው።

የሚገዙት ማሽን የሚሠራ ይሁን። ይህን ምክር ብዙዎች በቸልታ ያልፉታል፤ ነገር ግን እየሠራ የተፈታ ሰዓት ከተገጠመ በኋላ ካልሠራ ጥፋቱ ከአገጣጠሙ ስለሆነ፣ ስህተቱን መልሶ መፈለግ ይቻላል። ቆሞ የተገዛ ሰዓት ግን አሮጌውን ብልሽትና የጀማሪውን ስህተት ይቀላቅልና ከሁለቱ የትኛው እንዳቆመው ለመለየት ያስቸግራል። ትናንሽ የሴት ሰዓቶችን፣ ራሳቸውን የሚሞሉትን፣ ቀን የሚያሳዩትንና ክሮኖግራፎችን (የሩጫ ጊዜ መለኪያ ያላቸውን) ለኋላ ያቆዩአቸው። ሮስኮፍ በሚባለው አሠራር የተሠሩ፣ በሹካቸው ላይ ከድንጋይ ይልቅ የብረት ካስማ ያላቸው ርካሽ ሰዓቶችም ለጀማሪ ቀላል መስለው ይታያሉ፤ ሆኖም ብዙዎቹ ጎማዎቻቸው በአንድ ሳህን ሥር ስለሚሰበሰቡ ሁሉንም የዘንግ ጫፎች በአንድ ጊዜ በየቀዳዳቸው ማስገባት አድካሚ ነው።

መሣሪያ

ብዙ መሣሪያ አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው ግን ጥሩ መሆን አለበት። ከ0.8 እስከ 2.0 ሚሊ ሜትር የሚደርሱ የብሎን መፍቻዎች፣ ጫፋቸው የሾለና በትክክል የሚገጥም ሁለት ወረንጦዎች፣ በዓይን ላይ የሚቀመጥ 3 ወይም 5 ጊዜ የሚያጎላ አጉሊ መነጽርና ለምርመራ 10 ጊዜ የሚያጎላ ሌላ፣ የማሽን መያዣ፣ በእጅ የሚጨመቅ የጎማ አየር መንፊያ፣ ቆጣሪ (የሰዓቱን እጅ) መንቀያ፣ ዘይት መቀቢያ መርፌዎች፣ የጣት መሸፈኛና ባለ ብዙ ክፍል ክዳን ያለው ሳህን በቂ ናቸው። ገንዘብ ካነሰ ከሌላው ሁሉ ቀንሰው ለወረንጦና ለመፍቻ ያውሉት፤ ጫፉ የማይገጥም ወረንጦ ትንንሽ ዕቃዎችን እያፈናጠረ ከጠረጴዛ ሥር ሲፈልጉ ያስውላል።

መፍቻ አዲስ ሲገዛም ሁልጊዜ ለሥራ ዝግጁ አይደለም። ምላሱ የብሎኑን ስንጥቅ በስፋቱ ሊሞላ፣ ከስንጥቁ መሠረትም ሊደርስ ይገባል። የጠበበ ምላስ የብሎኑን ራስ ይቧጥጣል፤ የሰፋው ደግሞ ዙሪያውን ያለውን ብረት ይጭራል። ስለዚህ ምላሱን በዘይት ድንጋይ ላይ ከሁለቱም ጎን እኩል እየሞረዱ ማስተካከልን ከመጀመሪያው ቀን ይልመዱ። አንድ ያረጀ ሰዓት ከዚህ በፊት በምን ዓይነት እጅ እንዳለፈ የሚታወቀው የብሎኖቹን ራስ በማየት ነው።

ራዲየም የተቀባ ገጽ

ወደ መፍታቱ ከመግባታችን በፊት ስለ አንድ እውነተኛ አደጋ መናገር ግድ ይላል። እ.ኤ.አ. እስከ 1960ዎቹ ከተሠሩት፣ በጨለማ የሚያበሩ ቁጥሮችና ቆጣሪዎች ከነበሯቸው ሰዓቶች ብዙዎቹ ራዲየም የተቀቡ ናቸው። የራዲየም 226 መጠን በግማሽ ለመቀነስ 1,600 ዓመት ገደማ ይፈጅበታል፤ ስለሆነም ቀለሙ ማብራቱን ቢያቆምም ጨረሩ አለ። የደከመው፣ ብርሃን የሚሰጠው ዚንክ ሰልፋይድ ብቻ ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ እነዚህን ቁጥሮች ሲቀቡ የነበሩ ሴቶች የብሩሻቸውን ጫፍ በከንፈራቸው እያሾሉ ራዲየም በመዋጣቸው የመንጋጋ አጥንታቸው እስከ መበስበስ ደርሷል፤ ብዙዎቹም ሞተዋል። ለጠጋኝ ትልቁ ስጋት የተሰነጣጠቀው ቀለም ተፈርፍሮ በትንፋሽ ወይም በአፍ መግባቱ ነው። እንዲህ ዓይነቱን ሰዓት ጀማሪ ባይከፍተው ይሻላል። ተከፍቶ ከተገኘ ግን ቀለሙን መፋቅ፣ መቦረሽ ወይም አየር መንፋት ፈጽሞ አይገባም።

ከመፍታት በፊት መመርመርና ሞላውን ማላላት

የጀርባው ክዳን ሲከፈት እጅን ሰብስቦ በዓይን መመርመር ይቀድማል። ባላንሱን በመንፊያው እፍ ሲሉት በነጻነት ይወዛወዛል? ቀጭኑ ሞላ ክቦቹ እኩል ተራርቀው ተቀምጠዋል ወይስ ተጣብቀዋል? ከተጣበቁ ዘይት ነክቷቸዋል ወይም ማግኔት ይዟቸዋል ማለት ነው፤ ትንሽ ኮምፓስ ሲያስጠጉ መርፌው ከተንቀጠቀጠ ሰዓቱ ማግኔት ይዟል፤ በቀን ብዙ ደቂቃዎች የሚቀድም ሰዓትም በመጀመሪያ የሚጠረጠረው በዚሁ ነው። ማሽኑን በጀርባው ሲያስተኙት የሚሠራ፣ ሲገለብጡት የሚቆም ሰዓት ደግሞ ብዙ ጊዜ የባላንሱ ዘንግ ጫፍ ተጎድቶበታል። ከባላንሱ ሥር ወይም አጠገቡ የተቀረጸውን የማሽኑን ቁጥር ይመዝግቡ፤ መለዋወጫ የሚፈለገው በሰዓቱ ገጽ ላይ ባለው ስም ሳይሆን በዚህ ቁጥር ነው።

ቀጥሎ ሞላው መላላት አለበት። በከበሮው አናት ላይ ያለው ትልቅ ጥርሳም ጎማ ወደ ኋላ እንዳይዞር የሚይዘው ትንሽ ማገጃ አለ። መሙያውን ቁልፍ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት አጥብቀው ይያዙና በመሙያው አቅጣጫ ጥቂት ያዙሩት፤ ማገጃው ከጥርሱ ሲነሣ በእንጨት ስንጥር ጫፍ ገፍተው ከጥርሱ እንደተላቀቀ ያቆዩት። ከዚያ ቁልፉ በጣቶችዎ መካከል እየታሸ ቀስ ብሎ ወደ ኋላ እንዲዞር ይፍቀዱለት። የሞላው ግፊት በጣት ላይ እየቀነሰ ሲሄድ በግልጽ ይታወቃል፤ ግፊቱ ፈጽሞ ሲጠፋ ሥራው አልቋል። ቁልፉ ካመለጠ ሞላው በአንድ ጊዜ ይፈታና የማገጃውን ጫፍ ወይም የጎማውን ጥርስ ሊሰብር ይችላል። ሞላው ሳይላላ ሹካውን የሚነቅል ሰው ደግሞ ጎማዎቹ በሙሉ ፍጥነት ሲንደረደሩ ያያል፤ በዚህ ጊዜ የዘንግ ጫፍ ሊሰበር ይችላል።

አፈታት

እያንዳንዱ ዕቃ ከመነሣቱ በፊት ፎቶ ይነሣ። በማስታወስ መተማመን አይበቃም፤ አንዱ ብሎን ከሌላው በግማሽ ሚሊ ሜትር ሊረዝም ይችላል፣ ረጅሙ በአጭሩ ቦታ ሲገባም ከሥሩ ያለውን ጎማ ያቆማል ወይም ገጹን ከጀርባው ገፍቶ ያጎብጣል። ስለዚህ የእያንዳንዱ ድልድይ (ጎማዎችን ከላይ የሚይዘው የብረት ሳህን) ብሎኖች ከራሱ ድልድይ ጋር በአንድ ክፍል ይቀመጡ።

ማሽኑ ከቤቱ ከወጣ በኋላ በገጹ ላይ ቀጭን ፕላስቲክ ያንጥፉና ቆጣሪዎቹን በመንቀያው ከሁለት ወገን እኩል አንሥተው ያውጡ። የገጹን እግሮች የያዙትን የጎን ብሎኖች ጥቂት አላልተው ገጹን ያንሡ፤ ፊቱን ሳይነኩት በክዳን ሥር ያስቀምጡት። ከዚያ ማሽኑን ይገልብጡና ባላንሱን ያስወግዱ። የባላንሱን ድልድይ ብሎን ካወጡ በኋላ በድልድዩ ጠርዝ ላይ በሚገኘው ትንሽ ክፍተት መፍቻ አስገብተው ድልድዩን ከካስማዎቹ ቀስ አድርገው ያላቁት። ድልድዩን በወረንጦ ቀጥ አድርገው ሲያነሡት ባላንሱ በቀጭኑ ሞላ ተንጠልጥሎ ይከተላል፤ የማይከተል ከሆነ አይጎትቱ፤ ሹካው ላይ ተይዟልና ማሽኑን በመጠኑ አዙረው እንዲላቀቅ ያድርጉት። ሞላው ከተሳበ በኋላ ወደ ነበረበት ቅርጽ መመለስ ራሱን የቻለ ሙያ ነው፤ ጀማሪም በመጀመሪያው ሰዓት ላይ ሊሞክረው አይገባም።

ከባላንሱ በኋላ ሹካው፣ የከበሮው ድልድይ፣ የጎማዎቹ ድልድይ፣ ጎማዎቹና ከበሮው በየተራ ይወጣሉ። ከመሙያው ዘንግ በላይ ያለው ጎማ ብሎን ብዙ ጊዜ የተገላቢጦሽ ጥርስ ስለሚኖረው የሚፈታው በሰዓት አዟዟር አቅጣጫ ነው፤ እምቢ ያለ ብሎን ሲያጋጥም ኃይል ከመጨመር ይልቅ አቅጣጫውን መጠራጠር ይበጃል። በገጹ በኩል ያሉት የመሙያና የማስተካከያ ዕቃዎች ጥቃቅን ሞላዎች አሏቸው፤ እነሱን ማሽኑን በብርሃን አስተላላፊ ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ አስገብተው ቢፈቱ ቢፈናጠሩ እንኳ አይጠፉም።

ማጽዳት

ቤት ውስጥ ለሚሠራ ሰው የላይተር ቤንዚን፣ ለስላሳ ብሩሽና የተሾለ ለስላሳ እንጨት ጥሩ ውጤት ይሰጣሉ። ዕቃዎቹ በትንሽ ብርጭቆ ውስጥ ተነክረው ከቆዩ በኋላ ይቦረሻሉ፤ እያንዳንዱ የድንጋይ ቀዳዳ በተሾለው እንጨት ይታሻል፤ እንጨቱ ጥቁር ይዞ በወጣ ቁጥር ጫፉ እንደገና ይሾልና ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ ይደገማል። አሰልቺ ቢሆንም የጽዳቱ ዋና ሥራ ይህ ነው፤ የሚያብረቀርቅ ድልድይ ላይ ቆሻሻ ቀዳዳ ካለ ሰዓቱ አልጸዳም። ከዚያ በሁለተኛ ንጹሕ ቤንዚን ተለቅልቀው በኢሶፕሮፒል አልኮል ይታጠባሉ፤ በመጨረሻም በአየር ይደርቃሉ።

ከዚህ ውስጥ ሁለት ዕቃዎች ይለያሉ። የሹካው ድንጋዮችና በባላንሱ ሥር ያለው ትንሽ ድንጋይ በብዙ ሰዓቶች ላይ የተያያዙት ሼላክ በተባለ ተፈጥሯዊ ሙጫ ነው፤ አልኮል ደግሞ ሼላክን ያሟሟል። ስለዚህ ሹካውና ባላንሱ በቤንዚን ብቻ ይጽዱ። ቤንዚን በቀላሉ የሚቀጣጠል በመሆኑ መስኮት ተከፍቶ፣ እሳት በሌለበት ይሠራ፤ በንዝረት በሚያጸዱ ማሽኖች ውስጥ ፈጽሞ አይጨመር።

ከደረቁ በኋላ ሁሉም በ10 ጊዜ አጉሊ መነጽር ይታያሉ። የዘንግ ጫፍ ቀጥ ያለና የሚያብረቀርቅ፣ የድንጋይ ቀዳዳ ያልተሰነጠቀ፣ የነሐስ ቀዳዳ ክብ ሆኖ ያልሞለለ መሆን አለበት። ዋናውን ሞላ በተመለከተ የእኔ ምክር ሁልጊዜ በአዲስ መተካት ነው። የድሮው ሰማያዊ የብረት ሞላ ከከበሮው ሲወጣ ሰፋ ብሎ ካልተዘረጋና ተጠቅልሎ ከቀረ ጉልበቱ አልቋል፤ ያልተሰበረ ቢመስልም ሰዓቱን ሙሉ ቀን አያደርሰውም። አዲሱ የሚመረጠው በቁመቱ፣ በውፍረቱና በርዝመቱ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም ተጠቅልሎ ስለሚመጣ በቀጥታ ወደ ከበሮው ይገፋል።

መግጠምና ዘይት መቀባት

ከበሮውና ጎማዎቹ በመሠረቱ ሳህን ላይ ከተቀመጡ በኋላ ድልድዩ ከላይ ይደፋል። በዚህ ጊዜ ከባድ እጅ የዘንግ ጫፎችን ይሰብራል። ድልድዩን በእንጨት ስንጥር በጣም በቀስታ ይዘው፣ በአጉሊ መነጽር ከጎን እያዩ፣ እያንዳንዱን ዘንግ በወረንጦ ጫፍ እየነካኩ ወደ ቀዳዳው ያስገቡት፤ ሁሉም ሲገቡ ድልድዩ ራሱ ይወርዳል። ብሎኖቹን ሲያጠብቁ በየግማሽ ዙሩ ከበሮውን በጥቂቱ ገፋ አድርገው ጎማዎቹ መዞራቸውን ያረጋግጡ። ሁሉም ከተጠበቀ በኋላ መሙያውን ሁለት ሦስት ጥርስ ያህል ሲያዞሩት ጎማዎቹ በነጻነት ሮጠው፣ ሲቆሙ ትንሽ ወደ ኋላ ከተመለሱ ሥራው ንጹሕ ነው። በድንገት ከቆሙ ግን ሹካውን ከመግጠም በፊት ምክንያቱ ይፈለግ።

ዘይት ሲቀባ ዋናው መርሕ ከመብዛት ማነስ የሚሻል መሆኑ ነው። ቀስ ብለው የሚዞሩትና ከፍተኛ ጫና ያለባቸው የከበሮውና የመሐሉ ጎማ ዘንጎች እንደ ሞቢየስ ኤችፒ1300 ያለ ወፍራም ዘይት፣ ፈጣኖቹ አራተኛውና ኢስኬፑ ጎማ ደግሞ እንደ ሞቢየስ 9010 ያለ ቀጭን ዘይት ይፈልጋሉ። ለመሙያው ዕቃዎች ግሪስ ይሆናል። የጎማ ጥርሶች ዘይት አይነኩም፤ የሹካው ዘንግ ጫፎችም ደረቅ ሆነው ይቀራሉ፤ ምክንያቱም እዚያ ያለ ዘይት ሹካውን ያዘገየዋል። በሹካው ድንጋዮች ፊት ላይ ግን ሞቢየስ 9415 የመሰለ ለዚሁ የተሠራ ቅባት ያስፈልጋል። ኢስኬፕ ጎማው ብዙ ጊዜ 15 ጥርሶች ስላሉት፣ በአንዱ ድንጋይ ላይ ጥቂት ቅባት አኑሮ ሹካውን በእጅ እያወላወሉ አምስት ያህል ጥርሶች ማሳለፍና ይህንኑ ሦስት ጊዜ መድገም ቅባቱን ለሁሉም ያዳርሳል።

በባላንሱ ሁለት ጫፎች ላይ ያሉት መሸፈኛ ድንጋዮች ከሁሉ የበለጠ ትዕግሥት ይጠይቃሉ። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ከመጣው ኢንካብሎክ ከተባለው የድንጋጤ መከላከያ ወዲህ ብዙ ሰዓቶች እነዚህን ድንጋዮች በትንሽ ሞላ ይይዟቸዋል፤ የሞላው እግሮች ሲላቀቁ ድንጋዩ ይወጣል። ድንጋዩን በጠፍጣፋ ፊቱ ወደ ላይ አድርገው ያስተኙትና በመሐሉ አንድ ጠብታ 9010 ያኑሩ። ጠብታው የድንጋዩን ስፋት ከግማሽ በላይ፣ ከሁለት ሦስተኛ ሳያልፍ ከሸፈነና ክብ ሆኖ ከቆመ ትክክል ነው፤ ጠርዝ ከነካ ይፈስሳልና ተጠርጎ እንደገና ይጀመር። ከዚያ ባለ ቀዳዳውን ድንጋይ በላዩ ደፍተው ሁለቱን አንድ ላይ ወደ ቦታቸው ይመልሱ። በአጉሊ መነጽር ሲታይ በመሐል የቀረ ክብ የዘይት ቀለበት መታየት አለበት።

ባላንሱ ሲገባና ራሱን ችሎ መወዛወዝ ሲጀምር የድልድዩ ብሎን ይጠበቃል፤ ካልተንቀሳቀሰ ግን ብሎኑን በማጥበቅ አይገፋም፤ የዘንጉ ጫፍ ገና ከቀዳዳው አልገባምና።

ማስተካከል

ሰዓቱ አንድ ቀን ከሠራ በኋላ በታይምግራፈር ይለካ። መሣሪያው የምቱን ድምፅ አድምጦ በቀን የሚቀድምበትን ወይም የሚዘገይበትን ሰከንድ፣ የባላንሱን የውዝዋዜ ስፋትና የሁለቱን አቅጣጫ ምቶች ልዩነት ያሳያል። ከመለካቱ በፊት የማሽኑ የማንሻ ማዕዘን (ባላንሱ ከሹካው ጋር ተነካክቶ የሚዞረው ማዕዘን) በመሣሪያው ላይ በትክክል ይሞላ፤ ለብዙ ሰዓቶች 52 ዲግሪ ሲሆን ለ6497 ግን 44 ነው፤ ይህ ከተሳሳተ የሚታየው ስፋት ሐሰት ነው። ሙሉ በሙሉ ተሞልቶ በጀርባው የተኛ ጤነኛ ሰዓት ከ270 እስከ 310 ዲግሪ ይወዛወዛል፤ ቀጥ ብሎ ሲቆም ይህ መቀነሱ ተፈጥሯዊ ነው። ከ200 በታች የሚወርድ ከሆነ ጽዳቱ፣ ዘይቱ ወይም ሞላው ይመርመር። ለዕድሜ ጠገብ ሰዓት የምቶቹ ልዩነት ከ1 ሚሊ ሰከንድ በታች ከሆነ እኔ አልነካውም።

ፍጥነቱ የሚስተካከለው በባላንሱ ድልድይ ላይ ባለው ማስተካከያ ነው፤ በጣም በጥቂቱ ይገፋና እንደገና ይለካል። ቆሻሻ ሰዓትን በዚህ ማስተካከያ ለማረም መሞከር ብልሽቱን መደበቅ ነው፤ ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ መዘግየቱ ይመለሳል።

ገጹን አያጥቡ፤ ያረጀ ቀለምና ጽሑፍ በቀላል እርጥበት ሊነሣ ይችላል። የተጫረ የፕላስቲክ መስታወት በማጽጃ ቅባት ይወለወላል፤ የደረቀው የክዳን ጎማ ይለወጣል፤ ያም ሆኖ ያረጀ ሰዓት ውኃ እንደሚችል አይቆጠርም። የባላንስ ዘንግ መተካት፣ የተጣመመ ቀጭን ሞላ ማቅናትና የላላ ድንጋይ በሼላክ መልሶ ማስያዝ የራሳቸውን መሣሪያና የረጅም ጊዜ ልምምድ የሚሹ ሥራዎች ስለሆኑ፣ አንድ ዓይነት ማሽን ያለ ፎቶ ፈትተው እስኪገጥሙ ድረስ ለሙያተኛ ይተዉ። የድሮ ጠጋኞች የሥራቸውን ቀን በክዳኑ ውስጠኛ ፊት ላይ ይጭሩ ነበር፤ ዛሬ ያን ማድረግ አያስፈልግም። የማሽኑን ቁጥር፣ የተተካውን ሞላ መጠን፣ የትኛው ዘይት የት እንደተቀባና ከጥገናው በፊትና በኋላ የተለካውን ስፋት በአንድ ደብተር ይመዝግቡ፤ ያው ሰዓት ከዓመታት በኋላ ሲመለስ ሥራው የሚጀመረው ከዚያ ገጽ ነው።